ሲሊኮን ወይስ የራስ አጥንት? አገጭን በቀዶ ሕክምና ለማስተካከል ለሚያስቡ

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ስለ ሙዝ ዋጋ፣ ስለ ጭነት መኪና ኪራይና ስለ ግብር መክፈያ ጊዜ ማንበብ ለለመዳችሁ ነጋዴዎች፣ ስለ አገጭ የሚናገር ጽሑፍ ድንገት ሲገጥማችሁ ትደነቁ ይሆናል። እኔም በበኩሌ በምዕራብ ዓባያ ወረዳ በብርብር ከተማ በአንድ የሙዝ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የማገለግል ስሆን፣ ዘወትር የምጽፈው ደረሰኝና የጭነት ዝርዝር እንጂ የሕክምና ሐተታ አይደለም። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በአሠሪዬ ቤት በተነሣው ጉዳይ ምክንያት ሁለት የሕክምና ሐሳቦችን ጎን ለጎን አስቀምጬ እንዳወዳድር ስለ ታዘዝሁ፣ ያገኘሁትን ዕውቀት በመሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ከማስቀምጠው ይልቅ ለሥራ ባልደረቦቻችን ባካፍለው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። ቤተ ሰቡ ስማቸው እንዳይገለጽ ብቻ አሳስበው ፈቅደውልኛል።

የአሠሪዬ ሴት ልጅ 23 ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናት ከማንጎ ዛፍ ላይ ወድቃ በአገጯ መሬት መታች። ከአገጯ ሥር የተከፈተው ቁስል በሁለት ሳምንት ስለ ዳነ ነገሩ በዚያው ተረሳ። በእውነቱ ግን አገጭን የመታ ነገር ኀይሉ በአገጭ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አጥንቱን ተከትሎ ወደ ላይ በመውጣት ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው የመንጋጋ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። የልጂቱም መጋጠሚያ ተሰብሮ ኖሮ፣ ስብራቱ ሲጠግን መንጋጋው ከራስ ቅሉ ጋር ተጣበቀ። አፏ በየወሩ እየጠበበ ሄዶ በዘጠኝ ዓመቷ በላይኛውና በታችኛው ጥርሷ መካከል የእርሳስ ጫፍ እንኳ በጭንቅ የሚገባ ሆነ። እናቷ እትዬ እንጀራውን በወጥ አርሰው በጥርሷ ክፍተት በጣታቸው እየገፉ ያበሏት እንደ ነበር ዛሬም ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አላበቃም። የታችኛው መንጋጋ የሚያድግበት ዋና ስፍራ ይኸው መጋጠሚያ ስለ ሆነ፣ በሕፃንነት የተጎዳ መጋጠሚያ መንጋጋውን ባለበት ያስቀረዋል። ግንባሩ፣ አፍንጫውና የላይኛው መንጋጋ ያድጋሉ፤ አገጩ ግን ወደ ጉሮሮ ይሸሻል። ሐኪሞች ይህን መልክ ከጎን ሲያዩት የወፍ ፊት ይሉታል። የትምህርት ቤት ልጆችም ማንም ሐኪም ሳይነግራቸው ይህንኑ ስም አውጥተውላት ነበር።

በ13 ዓመቷ አዲስ አበባ ተወስዳ የተጣበቀው አጥንት ተቆርጦ ተለቀቀላት። ከዚያም በኋላ ስስ እንጨቶችን በጥርሶቿ መካከል እየደራረበች አፏን በየቀኑ እንድታሰፋ ታዝዛ፣ እያለቀሰችም ቢሆን ለወራት ያህል ፈጸመችው። ዛሬ አፏ ሦስት ጣት ያስገባል፤ ቆሎ ትቆረጥማለች። አገጯ ግን በነበረበት ቀረ።

አባቷን ያሳሰባቸው መልኳ ነበር። እኔ ግን ከእርሷ ጋር በአንድ ቢሮ ስለምውል ሌላ ነገር አስተውል ነበር። ልጂቱ ሚዛን ላይ ተቀምጣ ስትመዘግብ ታንቀላፋለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እንኳ ብዕሩን እንደ ያዘች ዐይኗ ይከደናል። አባቷ ስንፍና ይመስላቸው ስለ ነበር በሠራተኞች ፊት ሁለት ጊዜ ያህል ገሥጸዋታል። ሌሊት ስታንኮራፋ ከሚቀጥለው ክፍል እንደሚሰማ፣ አንዳንድ ጊዜም ትንፋሿ ቀጥ ብሎ ቆይቶ እንደ ታነቀ ሰው በርግጋ እንደምትነሣ የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ይህ ነገር ከአገጭ ጋር የሚገናኝ መሆኑን በዚያን ጊዜ ማናችንም አላወቅንም።

ነገሩ የተነሣው ሕመምተኞችን ወደ ውጭ አገር በመላክ የሚሠራ አንድ ወኪል ወደ ቢሮአችን በመጣ ጊዜ ነው። ሁለት ፎቶግራፎች አሳየ፤ በፊት እንዲህ ነበረች፣ በኋላ እንዲህ ሆነች የሚሉ። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሲሊኮን የተባለ ነገር ከአገጯ ላይ ይገባል፤ በሳምንት ውስጥ አገሯ ትመለሳለች አለ። ሒሳቡንም በዶላር ጽፎ ሰጠን። አሠሪዬ ደስ አላቸው። በሌላ በኩል መንጋጋዋን በልጅነቷ የለቀቁላት ሐኪም ተጠይቀው፣ የራሷን የአገጭ አጥንት ቆርጦ ወደ ፊት ማንሸራተት እንደሚሻል፣ ይህም በመንግሥት ሆስፒታል ሊሠራ እንደሚችል፣ ነገር ግን ለወራት ተራ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ገልጸው ነበር። ዋጋው ከወኪሉ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አሠሪዬን ያጠራጠራቸውም ይኸው ርካሽነቱ ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ደኅና ዕቃ አይቼ አላውቅም። እስቲ ሁለቱን አንብቢና ንገሪኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤» አልኋቸው።

«የሙዝ ገበሬም አይደለሽም፤ ግን በውል ላይ የጎደለውን ነገር ስታገኚ አይቻለሁ።»

እንግዲህ ያነበብሁትንና የጠየቅሁትን ላቅርብ።

የመጀመሪያው መንገድ ባዕድ ነገር በአጥንት ላይ መደረብ ነው። ሲሊኮን እንደ ጠንካራ ጎማ ያለ ነገር ሲሆን፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ተደርጎ በልዩ ልዩ መጠን ተቀርጾ ይሸጣል። ሐኪሙ ከአገጭ ሥር ወይም ከታችኛው ከንፈር ውስጥ በኩል ይቀድና፣ በአጥንቱና በላዩ ባለው ሥጋ መካከል ኪስ ከፍቶ ቁራጩን ያስገባዋል፤ አንዳንዶቹም በብሎን ያስሩታል። ሙሉ ማደንዘዣ ሳይሰጥም ሊሠራ ይችላል። ሥራው አጭር ነው፤ ሕመሙም ቀላል ነው፤ ካልተወደደ ይወጣል። ጥርሷ በደንብ ለሚገጥም፣ እንቅልፏ ሰላም ለሆነ፣ አገጯ ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ለቀረ ሰው ይህ ምርጫ የሚናቅ አይደለም፤ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች አድርገውት ደኅና ሆነው ይኖራሉ።

የሚያሠጋው ምንድን ነው? ባዕድ ነገር ስለ ሆነ ሊመረቅዝ ይችላል፤ ከመረቀዘም አብዛኛውን ጊዜ መውጣቱ የግድ ነው። ከስፍራው ሊንሸራተትም ይችላል። ከዚህም በላይ ከሥሩ ያለውን አጥንት እየተጫነ ሊበላው ይችላል። ይህን ጉዳይ ሮቢንሰንና ሹከን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ገልጸውት ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎች ተከራክረውበታል። በብዙ ሰዎች ላይ መብላቱ በጥቂቱ ቆሞ ምንም ጉዳት እንደማያስከትል ይነገራል፤ ስፍራውን ስቶ ወደ ጥርስ ሥር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሊኮን ግን የበለጠ ያሠጋል። ፖሊኢትሊን የተባለ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሌላ ዓይነትም አለ፤ በዚህኛው ውስጥ የሰውነት ሥጋ ሰርጎ ስለሚያድግ ከስፍራው አይነቃነቅም፤ ማውጣት ሲያስፈልግ ግን ያንኑ ያህል ያስቸግራል።

በመርፌ ስለሚሞላው ነገር ብዙ አልናገርም። ለወራት፣ ቢበዛም ለአንድ ዓመት ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ቆይቶ የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ ለእንደዚህ ያለ ትልቅ ጉድለት አይበቃም።

ሁለተኛው መንገድ ጂኒዮፕላስቲ ይባላል፤ የአገጭን አጥንት ቆርጦ ማንሸራተት ማለት ነው። ሆፈር የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዘዴውን ገለጸ። በ1957 ደግሞ ትራውነርና ኦብቬገሰር የተባሉ ሐኪሞች ፊት ላይ ጠባሳ ሳይተው በአፍ ውስጥ በኩል እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሕመምተኛው በሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል፤ የታችኛው ከንፈር ከውስጥ በኩል ተቀዶ አጥንቱ ይገለጣል፤ ከጥርሶች ሥር በታች አግድም በስስ መጋዝ ይቆረጥና የተቆረጠው ቁራጭ ወደ ፊት ተስቦ በትንሽ የቲታኒየም ሠሌዳና በብሎኖች ይታሰራል። ቁራጩ ከሥጋው ጋር እንደ ተያያዘ ስለሚቆይ ደሙ አይቋረጥበትም፤ በሁለት ወር ገደማም ይጠግናል። ሲሊኮን ወደ ፊት ብቻ ሲጨምር፣ አጥንቱ ግን ወደ ፊትም ወደ ጎንም ሊሳብ፣ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። የአሠሪዬ ልጅ አገጭ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለ ነበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህም የራሱ ዋጋ አለው። በታችኛው መንጋጋ በግራና በቀኝ ከትናንሾቹ መንጋጋ ጥርሶች በታች ቀዳዳ አለ፤ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚወጣው በዚያ ነው። ነርቩ ከመውጣቱ በፊት በአጥንቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ስለሚታጠፍ፣ ጠንቃቃ ሐኪም ከቀዳዳው ቢያንስ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ወርዶ ይቆርጣል። እንዲያም ሆኖ ከንፈሩ ለሳምንታት ወይም ለወራት መደንዘዙ የተለመደ ነው፤ በጥቂት ሰዎችም ላይ ጨርሶ ሳይመለስ ይቀራል። ሁለቱ አጥንቶች ተነካክተው መጠገን ስላለባቸው ቁራጩ ከአጥንቱ ውፍረት አልፎ ብዙ ርቆ ሊሳብ አይችልም። ሙሉ ማደንዘዣውም አፉ ጠባብ፣ መንጋጋው ትንሽ ለሆነ ሰው የራሱ ሥጋት አለው፤ የመተንፈሻውን ቱቦ ማስገባት ስለሚያስቸግር ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ አስቀድሞ ሊያያት ይገባል። በወኪሉ ወረቀት ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልነበረም።

አሠሪዬ ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ ልጂቱን ይዘን አዲስ አበባ እንድንሄድ ወሰኑ። ከአርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት ተጽፎልን፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ሙዝ ከጫነው አይሱዙ ኋላ እየተከተልን ሄድን።

በዚህ ላይ ጥቂት ዘወር ብዬ ልናገር። እንዲህ ያለው ሕክምና በአገራችን አዲስ የመጣ፣ የባለጠጎች ቅንጦት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ስሕተት ነው። አለርት የተባለው ማዕከል ከተቋቋመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎችን ፊትና እጅ በቀዶ ሕክምና ሲያስተካክል ኖሯል። የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፊት ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረር የሚባሉት የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ፊታቸው የተጎዳ ሰዎችን ከገጠር እያመጡ ሲያሳክሙ ቆይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኖማ የተባለው ሕመም የጎዳቸው ናቸው። ኖማ በምግብ እጦት በደከሙ፣ ብዙ ጊዜም ኩፍኝ በተከተላቸው ሕፃናት ድድ ላይ ጀምሮ ጉንጭንና መንጋጋን በጥቂት ቀናት የሚበላ ሲሆን፣ በጊዜ ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። ከተረፉትም የብዙዎቹ መንጋጋ ተቆልፎ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። በተጠባበቅንበት አዳራሽ አጠገባችን የተቀመጠው የ11 ዓመት ልጅ ግማሽ ጉንጩን በሻሽ ሸፍኖ ነበር። አሠሪዬ ልጁን ካዩ በኋላ ስለ መልክ ብዙ አልተናገሩም።

ሐኪሙ ልጂቱን በመጀመሪያ ያዘዟት ጥርሷን እንድትገጥም ነው። ከጎን አዩ፣ በራጅም አስነሡ። ቀጥለውም ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «እንቅልፍ እንዴት ነው?»

እትዬ ሁሉን ነገሯቸው። አሠሪዬ ዝም ብለው ሰሙ።

ሐኪሙ እንደ አስረዱን የምላስ ዋናው ጡንቻ የታሰረው በአገጭ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። አገጩ ወደ ኋላ ሲቀር ምላስም አብሮ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ጡንቻው ሲላላ ምላስ የትንፋሹን መንገድ ይዘጋዋል። አንጎል ትንፋሽ ሲያጣ ሰውየውን ይቀሰቅሰዋል፤ ይህም በሌሊት ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ሰውየው ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል። አጥንቱ ጡንቻው ካለበት ስፍራ ጋር አብሮ ተቆርጦ ወደ ፊት ሲሳብ፣ የድንኳን ካስማ ተነቅሎ ራቅ ብሎ ሲተከል ገመዱ እንደሚወጠር፣ ምላስም ወደ ፊት ይሳባል። ሲሊኮን ግን ከካስማው ፊት የተደረበ ነገር ስለ ሆነ ገመዱን አይነካውም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አገጮች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የእኛው ሙዝ ነው። አረንጓዴውን ሙዝ ብርብር ላይ ስንጭን በመንገድ የሚመታው ስፍራ አይታይም፤ አዲስ አበባ ደርሶ ሲበስል ነው የሚጠቁረው። ወኪሉ ያሳየን ፎቶግራፍ በተጫነበት ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር።

ሐኪሙ በዚህ አልቆሙም፤ ሊሸጡልን የመጡ ሰው ስላልሆኑ ለራሳቸው ሐሳብ የሚቃወመውንም ነገሩን። መላውን የታችኛ መንጋጋ ከጥርሱ ጋር ወደ ፊት ማምጣት ለትንፋሹ ከሁሉ የበለጠ መፍትሔ እንደሆነ፣ ዳሩ ግን እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ የጥርስ ማሰሪያ እንደሚጠይቅ፣ ኦፕራሲዮኑም ከአገጩ ይልቅ ከባድ እንደ ሆነ ገለጹ። የእንቅልፏ ችግር በመሣሪያ ተመርምሮ ከባድ ሆኖ ከተገኘ አገጩን ብቻ ማንሸራተት አይበቃም አሉ። በአንድ የግል ክሊኒክ ሌሊቱን በመሣሪያ ተመርምራ ችግሯ መካከለኛ መሆኑ ተነገረን። ስለዚህ አገጩን አሁን ማንሸራተት፣ ካልበቃም መንጋጋውን ወደ ፊት ማምጣት የሚቻል ሆነ።

ቀጥሎ ያለው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ወኪሉ ሒሳቡን በዶላር ያቀረበበትን ምክንያት ነጋዴ ሁሉ ይረዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይሁን እንጂ በወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ዋናው ጉድለት ይህ አልነበረም። ሲሊኮኑ ቢመረቅዝ ማን ያወጣዋል? ለሁለተኛው ጉዞ የሚከፍለው ማን ነው? የሚገባው ዕቃ የትኛው ፋብሪካ የሠራው ነው? መለያ ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ለሕመምተኛዋ ይሰጣታልን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጽፌ ለወኪሉ ላክሁለት። ለሦስቱ መልስ አልመጣም፤ ለአንዱ የመጣው መልስ «እስካሁን እንደዚህ ያለ ነገር አጋጥሞን አያውቅም» የሚል ነበር። አሠሪዬ ይህን ሲያነቡ ሳቁ። የጭነት ዋስትና ሻጮችም እንዲሁ ይሏቸው እንደ ነበር ነገሩኝ።

በመንግሥት ሆስፒታሉ በኩል ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመን። የአልጋውና የኦፕራሲዮኑ ክፍያ አነስተኛ ቢሆንም፣ የቲታኒየሙን ሠሌዳና ብሎኖች ራሳችን ከውጭ ገዝተን እንድናቀርብ ታዘዝን። ሁለት ቀን ሙሉ በአዲስ አበባ ከመደብር ወደ መደብር ስዞር የሚፈለገው መጠን ጠፍቶ፣ የተገኘውም ዋጋው በየሱቁ ይለያይ ነበር። የሕክምና ዕቃ የምታስመጡ የምክር ቤታችን አባሎች ይህን ብታውቁት መልካም ነው፤ ገዢ ጠፍቶ አይደለም።

ውሳኔውን የሰጠችው ልጂቱ ናት። ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አባቷ፣ «እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«አባባ፣» አለች፣ «ለመልኬ ከሆነ 17 ዓመት ለምጄዋለሁ። እኔ የምፈልገው መተኛት ነው።»

አሠሪዬ ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጡም። ኋላም በሚዛኑ አጠገብ ስላሉት ነገር ይቅርታ ጠየቋት። በእኔ ፊት ባይሆን ይሻል ነበር፤ ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ተራው እስኪደርስ አምስት ወር ጠበቅን። ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። ለመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ አብጦ በቀጭን አጥሚት ብቻ ቆየች፤ ከንፈሯ ደንዝዞ ሻይ ስትጠጣ ይፈስባት ነበር። በሦስተኛው ወር በቀኝ በኩል ስሜቷ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ በግራ በኩል ከከንፈሯ ጥግ ዝቅ ብሎ አንድ ሳንቲም የምታህል ስፍራ እስካሁን እንደ ደነዘዘች ናት። ማንኮራፋቷ ቀንሷል፤ አልጠፋም። በርግጋ መነሣቱ ግን እትዬ እንደሚሉት ከሁለተኛው ወር ወዲህ አልታየም። ሐኪሙ በስድስተኛው ወር በመሣሪያ እንደገና እንድትመረመር ቀጥረዋታል፤ የመንጋጋው ነገር የሚወሰነውም ያን ጊዜ ነው። አገጯ ከጎን ሲታይ እንደ ማንም ሰው ነው ለማለት አልችልም፤ ዳሩ ግን ቀጥ ብሏል፤ ከአንገቷም ተለይቶ ይታያል።

በሚዛኑ ላይ ዛሬም እርሷ ናት የምትመዘግበው። በአሁኑ ሰሞን በመዝገቡ ላይ የተሳሳተ ቁጥር የማገኘው በእኔ እጅ በተጻፈው ገጽ ላይ ነው። የቲታኒየሙ ሠሌዳ መለያ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ከሆስፒታሉ ተቀብዬ፣ ከጭነት መኪኖቹ ሊብሬ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።